ጦሳ በመስኮት፣ ግጥም በመድረክ፦ የደሴው ወርኃዊ የግጥም ዝግጅት ሲመዘን

ደሴ ከተማ ፒያሳ አካባቢ በአንድ ቡና ቤት ፎቅ ላይ፣ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ የግጥም ዝግጅት እንደሚካሄድ የነገረችኝ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ለ34 ዓመታት አማርኛ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ግጥም ከወረቀት ላይ ከማንበብ በቀር ከሰው አፍ ሲወጣ የመስማት ዕድሌ እየጠበበ ስለ ሄደ፣ ግብዣዋን ሳላመነታ ተቀበልሁ። ያለፈው ወር ርእስ «የተፈጥሮ ኃይልና የሰው ኃይል በግጥም» የሚል ነበር። መግቢያው 150 ብር ሲሆን፣ በዚህ ዋጋ የጀበና ቡና ከነቁርሱ፣ ባለ 12 ገጽ የግጥም መድበል፣ እንዲሁም ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ንባብና ውይይት ይገኛል። ባለቤቶቹ ዝግጅቱ ገና በሙከራ ላይ መሆኑን ስለ ነገሩኝ የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ፒያሳ ደርሶ «የግጥሙ ቡና ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን የሚያሳየው አያጣም። ዝግጅቱ እንዲቀጥል ከልቤ እመኛለሁ፤ ጉድለቱን ሳልሸፍን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ በዚህች አጭር ርቀት መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። የዚያን ዕለት ሚኒባሳችን የሐረጎን ዳገት እንደተያያዘው ጉም ወርዶ መንገዱን ስለ ጋረደው፣ ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ፣ በየመታጠፊያው ጥሩንባ እየነፋ፣ ከእግረኛ እርምጃ ብዙም በማይበልጥ ፍጥነት ነዳ። ከጎኔ የተቀመጡ ነጋዴ «ዛሬ ሐረጎ ዓይኑን ጨፍኗል» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ በመኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም። ስለ ተፈጥሮ ኃይል ወደሚነገርበት አዳራሽ እንዲህ ሆኖ መድረስ ከመድረኩ ንግግር የበለጠ መግቢያ ሆኖልኛል።

ክፍሉ 50 ያህል ሰው ይይዛል። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስኮት ስለሆነ፣ ጦሳ ተራራ በአንባቢው ትከሻ ላይ አሻግሮ ይታያል፤ ጉሙ ሲገፈፍ ተራራው ብቅ ይላል፣ ጉሙ ሲመለስ ደግሞ እንዳልነበረ ይሆናል። ለዚህ ርእስ ከዚህ የተሻለ መድረክ ማግኘት አይቻልም። ጥግ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ጀበናው ተጥዷል፤ አቦሉ ከመጀመሪያው ግጥም በፊት፣ ቶናው በዕረፍቱ፣ በረካው በውይይቱ ሰዓት ይቀርባል፤ ጤና አዳም የምትፈልጉም ብትጠይቁ ይሰጣችኋል። ቡናው በእውነት ጥሩ ነው። ወንበሮቹ ግን የፕላስቲክ በመሆናቸው ለሦስት ሰዓት ይከብዳሉ፤ ወገቡን የሚያመው ሰው ሳያስብበት ባይሄድ ይሻላል። ከሁሉ የበለጠ ያስቸገረኝ ከታች ካለው ባንኮኒ የሚመጣው የማኪያቶ ማሽን ድምፅ ነው። ማሽኑ እንፋሎት በለቀቀ ቁጥር የስንኙ መጨረሻ ይዋጣል፤ የአማርኛ ግጥም ደግሞ ጆሮ የሚደርሰው ቤት በሚመታባት በመጨረሻዋ ፊደል ስለሆነ፣ እሷ ስትጠፋ አድማጩ መስመሩን እንጂ ግጥሙን አልሰማም ማለት ነው። ንባብ በሚደረግበት ሰዓት ማሽኑ ቢቆም የቤቱ ገበያ የሚጎዳ አይመስለኝም፤ ጀበናው ፎቅ ላይ አለና።

ዝግጅቱ የተከፈተው ከእንግሊዝኛ በተተረጎሙ ግጥሞች ሲሆን፣ ቀዳሚው የእንግሊዛዊው ገጣሚ የሼሊ «ኦዚማንዲያስ» ነበር። የመድረኩ መሪ ስለ ግጥሙ የሰጠችው መግለጫ አጭርና ጠንካራ ነበር። ኦዚማንዲያስ የግብፁ ፈርዖን የዳግማዊ ራምሴስ የንግሥና ስም በግሪኮች አንደበት የተጠራበት መሆኑን፣ ይህ ንጉሥ 66 ዓመት መግዛቱን፣ ግጥሙም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1818 በጋዜጣ መታተሙን አስረዳች። ሼሊና ወዳጁ ሆራስ ስሚዝ በአንድ ሐሳብ ላይ ማን የተሻለ ይጽፋል ተባብለው እንደ ተወዳደሩ፣ የስሚዙም ግጥም በተከታዩ ወር እንደ ወጣ ስትናገር ከኋላ የተቀመጡ ወጣቶች ደስ አላቸው፤ በእኛም ዘንድ ተማሪዎች ቅኔ ቤት ውስጥ በአንድ ርእስ የሚፎካከሩበት ልማድ ስላለ ነገሩ ሩቅ አልሆነባቸውም። ግጥሙ የሚለውን የማያውቅ ባይኖርም ላስታውስ፦ አንድ መንገደኛ በበረሃ ውስጥ ተሰባብሮ የወደቀ የንጉሥ ሐውልት አየ፤ በሐውልቱ መቆሚያ ላይ ንጉሡ ሥራውን እዩና ተስፋ ቁረጡ ብሎ ኃያላንን የፎከረበት ጽሑፍ አለ፤ በዙሪያው ግን ከአሸዋ በቀር የሚታይ ሥራ የለም።

ትርጉሙ የአንድ ወጣት ሥራ ነው። በአብዛኛው ምቱን የጠበቀ፣ የሚነበብ ትርጉም ነው፤ በተለይ አሸዋው እስከ ዓይን መጨረሻ የሚዘረጋበትን መዝጊያ ረጋ ባሉ ቃላት አሳርፎታል፤ እዚህ ቦታ ላይ የሚቸኩል ተርጓሚ ግጥሙን ይገድለዋል፣ እሱ ግን አልቸኮለም። በሁለተኛው መስመር ላይ ግን ያሳዘነኝ ስሕተት አለ። በእንግሊዝኛው አንድ ቃል የዛፍንም ግንድ፣ የሰውንም ከአንገት በታች ከእግር በላይ ያለ አካል ይጠራል፤ ገጣሚው የፈለገው የሰውን አካል ሲሆን ተርጓሚው ዛፉን ወስዶ «ግንድ አልባ እግሮች» ብሎ ጻፈ። አድማጩ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ፊት የሚመጣለት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ እንጂ በበረሃ የቆመ የንጉሥ እግር አይደለም። ሐውልቱ ከወገቡ መቆረጡ የግጥሙ የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ልብ የለም፣ ክንድ የለም፣ የቀሩት ወዴትም የማይሄዱ እግሮች ናቸው። አንዲት ቃል ስትስት ይህ ሁሉ አብሮ ይስታል።

ከዚህ የሚበልጠው ቅሬታዬ ግን የምርጫ ነው። መድረኩ ከደሴ ተነሥቶ ግብፅ በረሃ ደረሰ፣ ከግብፅም ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ ከደሴ በሰሜን ምዕራብ፣ ከተንታ ባሻገር ያለውን መቅደላን ግን በዝግጅቱ የመጀመሪያ ክፍል ማንም አላነሣም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ሴባስቶፖል ያሉትን፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች ገደል እያስናዱ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ ስድስት ወር ያህል ተጉዘዋል። የበሽሎን ገደል በዓይኑ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ባዶውን የሚወርድ በቅሎ እንኳ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። መድፉ መቅደላ በደረሰ በሳምንታት ውስጥ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ዐረፉ፤ መድፉ ግን ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ አለ። ያን ያህል ሰው የጎተተው ብረት ሣር በቅሎበት ተኝቷል።

አንድ የሚያስደንቅ መመሳሰል ልጨምር። የኢጣሊያው ተወላጅ ቤልዞኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1816 ከጥንታዊቷ የግብፅ ከተማ ከቴብስ ፍርስራሽ አንሥቶ በገመድና በሰው ጉልበት እስከ ዓባይ ዳር ያስጎተተው፣ በኋላም ለንደን የገባው የራምሴስ ሐውልት የላይኛ አካል እንዲሁ 7 ቶን ገደማ፣ ማለትም 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ሁለት ኃያላን፣ ሁለት የ70 ኩንታል ሸክሞች፤ አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ ብረት፤ አንዱን ባዕዳን አስጎትተው ወሰዱት፣ ሌላውን የገዛ ሰዎቹ ጎትተው አወጡት። የግጥም መድረክ ይህን ማጋጠም ነበረበት። የወሎ አድማጭ ስለ ኃይልና ስለ ጥፋት ለመረዳት ዓባይን ተከትሎ መውረድ አያስፈልገውም።

ይህን በልቤ እያሰላሰልሁ ሳለ ከዕረፍት በኋላ በተከፈተው የነጻ ንባብ ክፍል አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተነሣች፤ ያነበበችው ግጥም ስለ መቅደላ ነበር። ረጅም ነው፣ መካከሉም ላይ ይላላል፤ ሁለቱን ስንኞች ግን በመድበሉ ኅዳግ ላይ ገለበጥኋቸው፦

ብረቱ ስም አለው፣ ንጉሥ አወጣለት፤
የጎተተው ጫንቃ፣ ማን ስሙን ጠራለት?

ክፍሉ ዝም አለ። የእንግሊዛዊው ገጣሚ ንጉሥ ስሙ ቀርቶለት ሥራው ጠፋ፤ የልጅቱ ግጥም ደግሞ ሥራውን የሠሩትን፣ ስም ያልተረፈላቸውን ጠየቀ። «የሰው ኃይል» የሚለው የዕለቱ ርእስ የንጉሥን ትእዛዝና የወዛደርን ጫንቃ በአንድ ስም ጠቅልሎ እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጠችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ በነበረው ጊዜ ሁሉ የሰማሁትን በዚህች ጥያቄ እየመዘንሁ ነው የሰማሁት።

ሁለተኛው የትርጉም ንባብ እንግሊዛዊው ገጣሚ ወርድስወርዝ በልጅነቱ አንድ ሌሊት የሰው ጀልባ ፈትቶ በሐይቅ ላይ ሲቀዝፍ፣ ከአድማሱ በስተጀርባ ትልቅ ተራራ ብቅ እያለ እንደሚያሳድደው የተሰማውን የሚተርክበት ነበር፤ ገጣሚው በሞተበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1850 ከታተመው ረጅም የሕይወት ግጥሙ የተወሰደ ነው። ትርጉሙ ደከም ያለ በመሆኑ ብዙ አልቆይበትም። ያነበበው ሰው ግን የሐይቅ ከተማ ልጅ በመሆኑ ከንባቡ በፊት ሌሊት በታንኳ ላይ ሲሆኑ ተራሮቹ እንዴት ቀርበው እንደሚታዩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረን፤ እነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ትርጉሙ ያጣውን መለሱለት። አዘጋጆቹ ለወደፊቱ ግጥሙን ለሚያነበው ሰው ከንባቡ በፊት የራሱን ቦታ የሚናገርበት ሁለት ደቂቃ ቢሰጡት መልካም ነው።

ከአማርኛ ግጥሞቹ ውስጥ ብዙ ጭብጨባ ያገኘው ስለ ላሊበላ የተጻፈ ነበር። በእኔ ግምት ጭብጨባው የተገኘው በርእሱ ክብር እንጂ በግጥሙ ጥንካሬ አይደለም። ገጣሚው ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ሰው ተራራን ያሸነፈበት ድል አድርጎ ያቀርባቸዋል፤ ዐለቱ ተንበረከከ፣ ድንጋዩ ተማረከ ይላል። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ግን ይህ አገላለጽ እንደማይገጥም ይገባዋል። እዚያ የተገነባ ነገር የለም፤ የተወሰደ እንጂ። ጠራቢዎቹ ዐለቱ ላይ ምንም ሳይጨምሩ፣ ከላይ ወደ ታች እየቀነሱ፣ የዐለቱን ጠባይ እየጠየቁ ነው የወረዱት፤ ቤቱም እስከ ዛሬ ከተራራው አልተለየም፣ መሠረቱ የተራራው ሥጋ ነው። ድል ከተባለም ዝናቡ አላወቀውም። ዐለቱ እሳተ ገሞራ የወለደው ለስላሳ ድንጋይ በመሆኑ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው እየሰረሰረው፣ ጣሪያና ግድግዳው እየተሰነጠቀ ስለ ሄደ፣ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ተተክለዋል፤ አሁን ደግሞ መጠለያዎቹ ራሳቸው ሌላ ሥጋት ሆነው የአካባቢው ሰው ስለ እነርሱ ይጨነቃል። ይህ ሁሉ ለግጥም እንዴት ያለ ሀብት ነው! ስምንት መቶ ዓመት ቆሞ የኖረ ዐለት፣ የሚሟሟ ዐለት፣ በላዩ ላይ የተደገነ ብረት፣ ከሥሩ የሚጸልይ ካህን። ገጣሚው ይህን ትቶ የፉከራ ግጥም ጻፈ። ፉከራ የራሱ ክብር ያለው የግጥም ዓይነት ነው፤ ዐለትን ጠላት አድርጎ ለመፎከር ግን ዐለቱ ጠላት መሆን ነበረበት።

እዚህ ላይ ስለ ወሎ ግጥም አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ መድረኩ ያልነካው ጉዳይ ነውና። በእንግሊዝኛዎቹ ግጥሞች ውስጥ የተፈጥሮ ኃይል የሚመጣ ነገር ነው፤ አሸዋው ይመጣና ይሸፍናል፣ ተራራው ይነሣና ያስፈራራል። በእኛ አገር የሚያስፈራው የተፈጥሮ ኃይል የሚቀር ነገር ነው። በበልግ የሚጠበቀው ዝናብ ይቀራል፤ በሐምሌ መውረድ የነበረበት ደመና ጦሳ ጫፍ ላይ ታይቶ ይመለሳል። ለሚመጣ ጠላት ግጥሙ ፉከራ ነው፤ ለሚቀር እንግዳ ግን ግጥሙ እንጉርጉሮ፣ ዱዓና ምሕላ ነው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በዚሁ በወሎ ቦታዎች ስም መጠራታቸው፣ መንዙማውም በዚህ ምድር ላይ ይህን ያህል መስፋቱ፣ ከዋድላ የቅኔ ቤት ጋር ተደምሮ፣ የልመናና የትካዜ ቋንቋ እዚህ ምን ያህል እንደ በለጸገ ያሳያል። ከሌሊቱ ዱዓ ላይ መንዙማ ሲወጣ የሰማ ሰው ሰማይን ማዘዝ እንደማይቻል ያወቀ ሕዝብ ሰማይን እንዴት እንደሚያነጋግር ይረዳል። ስለ ተፈጥሮ ኃይል በደሴ በተዘጋጀ መድረክ ላይ አንድም መንዙማ፣ አንድም የዋድላ ቅኔ አለመቅረቡ የዚያ ቀን ዋናው ጉድለት ነው።

ጉድለቱን በከፊል የሞሉት አንዲት አሮጊት ናቸው። ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው ከጀበናው አጠገብ የተቀመጡ፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡ እናት ናቸው። የመድረኩ መሪ «እማማ፣ እርስዎም የሚሉት ካለ ማይኩን ይያዙት» ስትላቸው፣ «ተይው ልጄ፣ ለዚች ያህል ድምፄ ይደርሳል» ብለው ከመቀመጫቸው ሳይነሡ እንዲህ አሉ፦

ሰማይማ ሲዘጋ፣ ቁልፍም የለው ከቶ፤
ጎተራ ነው እንጂ፣ የሚቆለፍ ሞልቶ።

ከዚያም ስኒያቸውን አነሡ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

በ1966 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከሰሜን በሚመጣው አውራ ጎዳና ዳር የተቀመጡትን ሰዎች፣ መኪና ባለፈ ቁጥር እጃቸውን የሚዘረጉትን፣ በኋላም መዘርጋት ያቃታቸውን አይቻለሁ። ያን ጊዜ ለእኛ ለልጆች የተነገረን ሰማይ እንደ ጨከነ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው ጥናት፣ በዚያ ረኀብ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የተፈራውን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ሌላ አገር ይወጣ እንደነበር፣ ገበሬው የሞተውም እህል ከምድሪቱ ስለ ጠፋ ሳይሆን የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው እንደሆነ ማሳየቱን አነበብሁ። የዘመኑ መንግሥትም ረኀቡን ለመደበቅ ሞክሮ፣ ገመናው ከተገለጠ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደቀ። ድርቁን ያመጣው ሰማይ ነው፤ ረኀቡን ያመጣው ግን ሰው ነው። ያቺ እናት መጽሐፉን አላነበቡም፤ ከእርሳቸው ዘንድ ግን ነገሩ በሁለት ስንኝ ተቀምጦ ኖሯል፣ ያውም «ሞልቶ» የምትለዋን ቃል መጨረሻ ላይ አሳርፈው፣ ቤት መምቻዋን የክሱ ማሰሪያ አድርገዋት። እንደ ዕድል ሆኖ ማሽኑ በዚያች ሰዓት ዝም ብሎ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በጣም አሳዝኖኛል። የመድረኩ መሪ ውይይቱን ስትዘጋ «በዛሬዎቹ ግጥሞች ውስጥ ያሸነፈው ማን ነው? ተፈጥሮ የምትሉ እጃችሁን አውጡ፤ ሰው የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለች። እጅ ተቆጠረ፤ ተፈጥሮ በሰፊ ልዩነት አሸነፈች ተባለ፤ ተጨበጨበ። ልጅቱ ዝግጅቱን ሞቅ አድርጋ ለመዝጋት እንጂ በክፋት እንዳላደረገችው እረዳለሁ። ነገር ግን የተማሪዋ ጫንቃና የእናቲቱ ጎተራ ከተሰሙ በኋላ ጥያቄው ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። የጎተራው ቁልፍ ያለበት ኪስ የሰው ነው፣ ጎተራው ደጃፍ የተኮለኮለውም ሰው ነው፤ ሁለቱ በአንድ እጅ ሊቆጠሩ አይችሉም። አሥር ደቂቃ ለዚህ ውይይት ቢተው፣ እናቲቱም ያቺን ግጥም ከማን እንደ ሰሟት ወይም ራሳቸው እንደ ገጠሟት ቢጠየቁ፣ ሰዉ ወደ ቤቱ የሚወስደው የድምፅ ቆጠራ ሳይሆን ጥያቄ ይሆን ነበር።

ስለ መድበሉ ጥቂት ልበል። 12 ገጽ፣ በመርፌ የተያዘ፣ ንጹሕ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ፊደሉ ለእኔ ዕድሜ ዓይን ትንሽ ያንሳል። የፊደል ግድፈት አለበት፤ በአንድ ገጽ ላይ «ኃይል» በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተጽፏል፣ ይህ በርእሱ ላይ ያለ ቃል በመሆኑ መታረም አለበት። በየገጹ ሰፊ ኅዳግ መተዉ ግን ትልቅ አስተዋይነት ነው፤ በዙሪያዬ የነበሩት ወጣቶች ሁሉ እርሳስ ይዘው ሲጽፉበት አይቻለሁ። በነጻ ንባቡ የቀረቡት ግጥሞች በሚቀጥለው ወር መድበል ውስጥ እንዲገቡ ቢደረግ፣ የእናቲቱም ስንኝ ፈቃዳቸው ተጠይቆ ቢታተም፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዚህች ከተማ የግጥም መዝገብ ይሆናል።

ለሚሄዱ ሰዎች፦ ወንበር ለማግኘት ከ8 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ከመስኮቱ በተቃራኒ ያለውን ረድፍ ምረጡ፣ ከደረጃው አፍ ራቁ፣ የማሽኑ ድምፅ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ዝግጅቱ ያበቃው 12 ሰዓት ሲሆን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ሐይቅም ሆነ ወደ ኩታበር የሚመለስ ሰው ከመሸ መኪና ለማግኘት ይቸገራልና፣ ከከተማ ውጭ የሚመጡ ሰዎች ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲጀመር አዘጋጆቹን ቢጠይቁ መልካም ነው። ልጆች ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ይዛችሁ ሂዱ። በ150 ብር ይህን ያህል ነገር የሚሰጥ ዝግጅት በወሎ ውስጥ ሌላ አላየሁም፤ በሚቀጥለውም ወር እሄዳለሁ።

ከመውጣቴ በፊት ተርጓሚውን ፈልጌ አገኘሁት፤ ከባንኮኒው አጠገብ ቆሞ ስኒ ይሰበስብ ነበር። መድበሉን ገልጬ ያቺን «ግንድ አልባ» የምትለዋን ቃል ሳሳየው ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ግን ስኒዎቹን አስቀምጦ «መምህር፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏት ነበር?» አለኝ። «ከወገብ በላይ የሌላቸው» አልሁት፤ ረዘመችብን። «ወገብ አልባ» አለ እሱ፤ እሷም ቀዘቀዘች። ቆመን በጣታችን ባንኮኒውን እየመታን ስንለካ ቆየንና «ወገበ ቆራጣ» አለ በመጨረሻ፣ ስድስት ምት መሆኗን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ። እርሳሴን ተቀብሎኝ በእኔ መድበል ላይ አሮጌዋን ሰርዞ አዲሲቱን ጻፈ፤ ከታች፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የሚኒባስ ረዳት «ኮምቦልቻ! የመጨረሻ! ኮምቦልቻ!» እያለ ሲጣራ ይሰማ ነበር።